ምራቅ ሳይደርቅ

ባለፈው እትም ስለ ሰፈር ውስጥ መንገዶች ጽፌ ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው የመጣው ከጎጃም ነው፤ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላ። ሁላችሁም የጠየቃችሁት ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የዕለት ጉዳዩን በእግሩ ጨርሶ የሚመለስበት ሰፈር እንዴት ይሠራል? የላኪዎችን ስም አላወጣሁም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያዋን ረዘም አድርጌ ነው የመለስኩት፤ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነች።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። በመኖሪያ ቤት ማኅበር ተደራጅተን ከከተማው ዳር ቦታ ደርሶናል። እኛ 24 አባላት ነን፤ ከጎናችንም ሌሎች ማኅበራት አሉ። ግማሾቻችን ሠርተን ገብተናል። ሰፈሩ ግን ቤት ብቻ ነው። ሱቅ የለ፣ ወፍጮ የለ፣ መድኃኒት ቤት የለ። ጨው ሲያልቅብኝ ልጄ በባጃጅ ነው የሚሄደው፤ የባጃጁ ሒሳብ ከጨው ይበልጣል። ገና ያልተሠራ ባዶ መሬት አለ። ምን ብናደርግ ይሻላል? አጥራችን ላይ ሱቅ እንክፈት ወይስ ቦታ እናስጠብቅ?

መልስ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት።

እኔም ያደግሁት ማርቆስ ነው። እናቴ ወጥ ጥዳ ጨው ስታጣ መሬት ላይ እንትፍ ትልና «ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ተመለስ» ብላ ትሰደኝ ነበር። እበራለሁ። ደግሞም እደርሳለሁ፤ ሱቁ ሁለት ማዞሪያ ብቻ ነበራ። ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ጥግ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ አለ፤ ከሥሩ ሦስት አራት ሴቶች ማዳበሪያ አንጥፈው ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጎመን በመደብ በመደብ ይደረድራሉ። ማዶ ወፍጮ ቤት አለ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እህላቸው ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ፤ የባለወፍጮው ቅንድብ ዱቄት ለብሶ ነጭ ነው። ከወፍጮው ጎን አንዲት ሱቅ። ባንኮኒዋ ለልጅ ከፍ ስለምትል በእግር ጣቴ ቆሜ ነበር ሳንቲሙን የማቀብለው። ሳንቲም ከሌለም ደብተር አለ፤ ባለሱቁ የእናቴን ስም ይጽፍና ጨውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጠኛል። ከዚያ ጥግ እስከ ደጃችን 200 እርምጃ አይሞላም።

ያንን ጥግ ማንም መሐንዲስ አላቀደውም። መንገዶቹ ተገናኙ፣ ሰው ቆመ፣ ከቆመ ሰው አጠገብ ደግሞ ሻጭ ተቀመጠ። የእርስዎ ሰፈር ግን ተሸንሽኖ በእጣ የተሰጠ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር እንዲያ ያለ ጥግ በራሱ ጊዜ አይመጣም፤ ካልታሰበበት መሬቱ ሁሉ ቤትና አጥር ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ መልሴ፦ ቦታ አስጠብቁ። ባዶ መሬት ሳለ፣ አሁኑኑ።

ለምን አጥር ላይ ሱቅ አይሆንም? አንድ ሱቅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን እርስዎ ሲከፍቱ ጎረቤትዎም ይከፍታል፤ አምስት ቦታ ተበታትኖ አምስቱም ያው ሳሙናና ብስኩት ይሸጣል፤ ከዓመት በኋላ ሦስቱ ይዘጋሉ። አንድ ጥግ ላይ ሲሰበሰብ ግን አንዱ ለሌላው ገበያ ያመጣል። ወፍጮ የሄደች ሴት ሽንኩርት ይዛ ትመለሳለች፤ መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ዳቦ ይገዛል። በዚያ ላይ ካርታችሁ ላይ የተጻፈው አገልግሎት መኖሪያ ብቻ ከሆነ በንግድ ፈቃድ ጊዜ ጣጣ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ምራቅ ሳይደርቅ የሚባለውን እኔ አምስት ደቂቃ እለዋለሁ። ጤነኛ ሰው በአምስት ደቂቃ 400 ሜትር ያህል ይራመዳል። ከአንድ ጥግ ተነስታችሁ በየአቅጣጫው 400 ሜትር ብትሄዱ የምታካልሉት መሬት 50 ሄክታር ገደማ ነው። በአገራችን የከተማ ፕላን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መለኪያ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው ነው። በዚያ ከሄድን ለቤት የሚተርፈው 20 ሄክታር ይሆናል። ለአንድ ቤት 200 ካሬ ቢደርስ 1,000 ቤት፣ በቤት አምስት ሰው ብንል 5,000 ሰው ማለት ነው። ክላረንስ ፔሪ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1929 ለኒውዮርክ ባቀረበው የሰፈር ፕላን ላይ ያስቀመጠውም የሰው ቁጥር ከ5,000 እስከ 9,000 ነበር፤ ርቀቱም ይኸው 400 ሜትር። የእሱ መነሻ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመሙላት ስንት ቤተሰብ ያስፈልጋል የሚል ነው። ትምህርት ቤቱን መካከል አደረገ፤ ሱቆቹን ግን ዳር፣ መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ አወጣቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። የእኛ ሰው መኪና የለውም፤ ሱቁም መካከል ይግባ።

ከሒሳቡ የሚወጣው ነገር ይሄ ነው፤ 24 አባላት ብቻችሁን ወፍጮ አታኖሩም። ወፍጮው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይሠራና ባለቤቱ ነቅሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከጎናችሁ ካሉት ማኅበራት ጋር ተቀመጡ። አምስት ስድስት ማኅበር አንድ ላይ ሲሆን የሚሰማ ጥያቄ ይሆናል፤ ጥጉም የሁሉም ይሆናል። በየማኅበሩ አንዳንድ ትንሽ ጥግ እንያዝ ካላችሁ ግን ሁሉም ይቀጭጫል።

ቦታውን እንዴት እንምረጥ ቢሉኝ አንድ ቀን ማለዳ ይውጡና ያልተሠራው ሜዳ ላይ ሰው የረገጠውን ቀጭን መንገድ ይመልከቱ። ሣሩ ተገፎ መሬቱ ጠንክሯል። ተማሪው በየት ያቋርጣል? ቤተ ክርስቲያን ሳሚው በየት ይወጣል? ውሃ የቀዱት፣ ከባጃጅ የወረዱት በየት ይገባሉ? እነዚያ መንገዶች የሚጋጠሙበት ነው የእናንተ ጥግ። ወረቀት ላይ መካከል የሚመስል ቦታ ብዙ ጊዜ ሰው የማይደርስበት ነው።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ይሂዱና ሁለት ነገር አሳዩን በሉ፤ የከተማውን መዋቅራዊ ፕላንና የሰፈራችሁን የአካባቢ ልማት ፕላን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 እነዚህን ሁለቱን ነው የሚያውቀው። የመጀመሪያው ከተማው በጥቅሉ ወዴት እንደሚያድግ ያሳያል፤ ሁለተኛው ወደ ታች ወርዶ ይቺ ቁራሽ መሬት ምን ትሆናለች የሚለውን ይናገራል። አንዳንዴ የሚሆነውን ልንገርዎት፤ ቦታው ፕላኑ ላይ «ቅይጥ አገልግሎት»፣ ማለትም ሱቅም መኖሪያም የሚሆን፣ ተብሎ ቀለም ተቀብቶ ተቀምጧል፣ ሰፈሩ ግን አያውቅም፣ ማንም ስላልጠየቀው ደግሞ አንድ ቀን ለሌላ ነገር ይሰጣል። ቀለም ካለ ይከበርልን ብላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ከሌለም ፕላን ሲከለስ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ያን ቀን ፊርማችሁን ሰብስባችሁ ተገኙ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ቦታው ሲገኝ እንደ አንድ ትልቅ ቁራሽ አይውጣ። የከተማ መሬት ብዙውን ጊዜ በጨረታ ወይም በምደባ ነው የሚተላለፈው፤ 1,000 ካሬ በአንድ ላይ ለጨረታ ከወጣ የሚያሸንፈው ትልቅ ገንዘብ ያለው ሰው ነው፣ እሱም ሆቴል ሠርቶ ዙሪያውን ያጥረዋል። ጥጉ ተከፋፍሎ ይውጣ፤ ወደ መንገድ የሚያሳየው ፊቱ 4 ሜትር የሆነ ሱቅ ይበቃል። ዳቦ ጋጋሪዋም ትደርስበታለች። በ40 ሜትር ውስጥ አሥር በር ይኖራል ማለት ነው፤ አሥር በር ያለበት መንገድ ላይ ሲራመዱ መንገዱ አይረዝምም። መካከሉን ለጉሊት ክፍት ተዉት፤ ዛፍም ትከሉበት።

አጥሩንም አትርሱ። 400 ሜትር ያልኩት መንገዱ ቀጥ ካለ ነው። ግቢ ከግቢ ተያይዞ 200 ሜትር ያለ መተላለፊያ ከሄደ፣ ከጓሮዎ ጀርባ ያለች ሱቅ ዞረው ዞረው ሩቅ ትሆናለች። በየ80ው ወይም በየ100 ሜትሩ ሰው ብቻ የሚያልፍባት 3 ሜትር መተላለፊያ ትኑር።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ከፍኖተ ሰላም። ሱቅና መኖሪያ ይቀላቀል የሚባለው ያስፈራኛል። በእኛ ሰፈር መጀመሪያ የመጣው ግሮሰሪ ነው፤ ቀጥሎ ብየዳ ቤት። ማታ ሙዚቃ፣ ቀን መጋዝ። ይሄ ነው ወይ የምትመክሩን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ይቀላቀል ሲባል ሁሉም ነገር ከሁሉም ጋር ይግባ ማለት አይደለም።

ከመኝታ ቤት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ሥራ አለ፦ ሱቅ፣ ልብስ ስፌት፣ ጸጉር ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ጫማ ጠጋኝ፣ የጀበና ቡና። እነዚህ ድምፅ የላቸውም፤ ማታም ከሰው ጋር አብረው ይተኛሉ። ብየዳ፣ ጋራዥ፣ እንጨት ቤትና መጋዘን ግን ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው። ወፍጮ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ለሰፈር ያስፈልጋል፣ ግን ይጮኻል፣ ዱቄቱም ይበናል። የኤሌክትሪኩ ከናፍጣው ይሻላል። ጥጉ ላይ ይቀመጥ፣ ከማንም ቤት ጋር ግድግዳ አይጋራ፣ በቀን ብቻ ይፍጭ።

ግሮሰሪን በተመለከተ እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይራቅ፤ ቁጥሩም ይወሰን። ይህን ለመጠየቅ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ነው ጥሩው። ከተከፈተ በኋላ የሰው እንጀራ ስለሚሆን ማንም ደፍሮ አይዘጋውም።

ግን ጋሼ፣ ሌላውንም ጎን ይዩልኝ። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ የሆነ ቤት ማታ ምን እንደሚጠቅም የሚያውቁት ከምሽት ትምህርት የሚመለሱ ሴት ተማሪዎች ናቸው። እኔ የተከራየሁበት አንድ ሰፈር ሁለቱም ጎን ረጅም የግንብ አጥር ብቻ ነበር፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አንድም ብርሃን የለም። እህቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ባጃጁ ደጄ ድረስ ካልገባ አትወርድም። ሌላ ሰፈር ስቀይር መንገዱ ላይ ሁለት ሱቅና አንድ ዳቦ ቤት ነበሩ፤ እስከ 3 ሰዓት መብራታቸው በርቶ ይቆያል። ባለሱቋ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ታውቃለች። እህቴ በእግሯ ትመጣ ጀመር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። ሥራ ፈላጊዎች ተደራጅተን የመሸጫ ቦታ ልንጠይቅ ነው። ሁሉም ሰው አስፋልት ዳር ካልሆነ ገበያ የለም ይላል። አንተ ግን ወደ ውስጥ ግቡ የምትል ይመስለኛል። ለምን?

መልስ፦ አስፋልት ዳር ገበያ መኖሩ እውነት ነው፤ አልክድህም። ግን የማን ገበያ ነው?

የጎጃም ከተሞች በአንድ ክር የተሰካ ጨሌ ይመስላሉ። ደጀን፣ ሉማሜ፣ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር። ክሩ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አስፋልት ነው። ከተማው ሁሉ በዚያ ክር ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ሱቁ፣ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ አንዳንዴ ትምህርት ቤቱም ጭምር። ስለዚህ ዳቦ ለመግዛት የወጣ ሕፃን ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ያቋርጣል። የእናንተ ቡሬ ደግሞ መንገዱ ወደ ነቀምት የሚገነጠልበት ነው፤ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። መኪናው ወደፊት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የፍጥነትን ነገር ልንገርህ። መኪና ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚመታበት ኃይል በአራት እጥፍ ይጨምራል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የገጨው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ በ60 ከሆነ ግን የመትረፍ ዕድሉ ይመነምናል። አገር አቋራጭ መኪና ደግሞ ለከተማ ብሎ 30 የሚሄድ ስንቱ ነው?

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ለመንገደኛ የሚሸጥ፣ ማለትም ምግብ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ አልጋ ቤቱ፣ አስፋልቱ ላይ ይሁን። የሰፈሩ ሰው በየቀኑ የሚፈልገው ግን ከአስፋልቱ 100 ወይም 150 ሜትር ገባ ብሎ ባለ መንገድ ላይ ይሁን። ከአስፋልቱ የሚታይ ሰፊ መግቢያ ይኑረው፤ ባጃጆቹ እዚያ መግቢያ ላይ ይቁሙ። ኪራዩም ይቀንስላችኋል። ስታመለክቱ መግቢያው ላይ ያለውንና የውስጡን አንድ ላይ ጠይቁ፤ ብቻውን የተቀመጠ ሼድ፣ ዙሪያው ቤት የሌለው፣ አትቀበሉ። እንዲህ ያሉ ሼዶች ተሠርተው ቁልፍ ተንጠልጥሎባቸው አይቻለሁ። ዙሪያቸው ሰው የለም፣ ሰው ወደ እነሱ የሚያመጣ መንገድም የለም።

ጥያቄ፦ የማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ 15 ደቂቃ ከተማ አነበብኩ። ለእኛ ይሠራል ወይስ የፈረንጅ ነገር ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 15 ደቂቃ ከተማ ማለት ሰው የዕለት ጉዳዩን ከቤቱ በ15 ደቂቃ ውስጥ በእግር ወይም በብስክሌት የሚያገኝበት ከተማ ነው። ስሙን ያወጣው ፓሪስ የሚያስተምር ካርሎስ ሞሬኖ የሚባል ፕሮፌሰር ነው፤ እ.ኤ.አ. 2016 አካባቢ። የፓሪስ ከንቲባ የነበረችው አን ኢዳልጎ በ2020 ምርጫ ይዛው ስትወጣ ዓለም አወቀው። ነገሩ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። ማርቆስ ራሷ ገና መንቆረር ስትባል ጀምሮ ሰው በእግሩ የሚኖርባት ናት፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው፣ ግቢው፣ ሁሉም በእግር ይደረስ ነበር።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። እነሱ መኪናውን ትተው እንዲራመዱ ሰውን ያባብላሉ። የእኛ ሰው አስቀድሞም እየተራመደ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። የእኛ ሥራ የሚራመደውን ሰው መንገዱን ማሳጠርና ማክበር ነው። የኮሪደር ልማት የሚባለው ዋና ዋና መንገዶች ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አምጥቷል፤ ጥሩ። ከዚያ መንገድ ወደ ውስጥ 300 ሜትር ሲገባ ግን ሰው አሁንም በጭቃ ነው የሚሄደው።

ፓሪስ ሌላም ነገር አላት። አምስት ስድስት ፎቅ ሰው ከሱቁ በላይ ይኖራል። በእኛ ከተሞች ዳር አንድ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ከሆነ ለወፍጮ የሚበቃ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ለዚህ ነው ጥጉ አካባቢ ያሉት ቤቶች ቢያንስ ባለ አንድ ፎቅ ይሁኑ የምለው፤ ታች ሥራ፣ ላይ ቤት፣ ጓሮ ላይ የሚከራይ ክፍል። የተማሪ ኪራይ ባለበት እንደ ማርቆስ ያለ ከተማ ይሄ ለባለቤቱም ገቢ ነው። ጥናትህን በዚህ ላይ ብትሠራ አንድ ሰፈር ምረጥና ሰው ለምን፣ የት፣ ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ ቤት ለቤት ጠይቅ። እንዲህ ያለ መረጃ ለማዘጋጃ ቤቱም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የምኖረው ዳንግላ ነው። በእግር ሂዱ ትላላችሁ። በእኛ አገር ክረምት ማን ይሄዳል? ባለፈው ሐምሌ ቦዩ ውስጥ ወድቄ ወር ሙሉ ተኛሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። እንኳን ተረፉ።

እርስዎን የጣለዎት ቦይ ክዳን የለውም ብዬ እገምታለሁ። በየከተማው የማየው ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ ጎኑ ላይ ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል፣ ክዳኑ «በሚቀጥለው በጀት» ይባላል። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ደጅ አንድ ድንጋይ ወይም ሁለት እንጨት ይጥልበታል። ድንጋዩ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፤ ቦዩ ሲሞላ ደግሞ ውሃው ጠርዙን ይሸፍነዋልና የት እንዳለ አይታይም። ለወጣት ዝላይ ነው፤ ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡርና ማሰሮ ለተሸከመች ሴት ግን አደጋ ነው።

ለሰፈሩ ሰው እንዲህ ይበሉልኝ። መንገዱ ሁሉ ባይዳረስ ከጥጉ፣ ማለትም ሱቁና ወፍጮው ካለበት ተነስቶ በአራቱም አቅጣጫ 100 ሜትር ያለው ቦይ መጀመሪያ ይከደን። ሰው የሚበዛው እዚያ ነው። ክዳኑ የሚነሳ ይሁን፤ ካልተነሳ ደለሉ አይጠረግም፣ ካልተጠረገ ደግሞ ጎርፉ መንገዱ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ ባለሱቅ ቆርቆሮውን አንድ ሜትር ተኩል ወደፊት አውጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ቢያገጥመው በረንዳው ይያያዝና ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበሰብስ ይሄዳል። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ በአሸንዳ ወደ ቦዩ ይግባ፤ አለበለዚያ በረንዳው ጫፍ ላይ ሌላ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ደግሞ ከቤትዎ እስከ ሱቁ መካከል ላይ አንድ መቀመጫ ይሠራልዎ። ጠርብ ድንጋይ ይበቃል፤ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጥላ ባለበት በኩል። ከባድ ወጪ አይደለም፤ ዕድሩ ሊሠራው ይችላል።